ማኅበር በማን ፈቃድ? የኦሃዮ ታሪክና የእኛ

ኦቤትስ፣ ኦሃዮ

ከኮለምበስ ከተማ በስተደቡብ፣ በፍራንክሊን ካውንቲ፣ ኦቤትስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዚህች ከተማ ነዋሪዎች የሆኑ ሦስት ሰዎች ተሰባስበው ማኅበር እናቋቁም ቢሉ የማንንም ባለሥልጣን ደጅ አይጠኑም፤ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡም አይባሉም። የመመሥረቻ ጽሑፋቸውን አዘጋጅተው ከ99 ዶላር ጋር ኮለምበስ ወደሚገኘው የግዛቱ ዋና ጸሐፊ መሥሪያ ቤት ይልካሉ። መዝጋቢው የሚመረምረው ቅጹ በትክክል መሞላቱን፣ ስሙም በሌላ አለመያዙን ነው። የማኅበሩ ዓላማ ገዥውን ደስ ያሰኘዋል ወይስ ያስቆጣዋል ብሎ የመመዘን ሥልጣን የለውም። ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ በየአምስት ዓመቱ «አለሁ» ብሎ ያስታውቃል፤ ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስብ ከሆነም ለግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሒሳቡን ያሳያል። ዐቃቤ ሕጉ ማኅበሩ አጥፍቷል ብሎ ሊያፈርሰው ቢፈልግ ዳኛ ፊት ቀርቦ ማስረዳት አለበት።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ሥርዓት ከሰማይ የወረደ መና አይደለም። ደግ ገዥ የሰጠው ስጦታም አይደለም። ኦሃዮ ዛሬ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ሲቪክ ማኅበራት መኖሪያ ብትሆንም ማኅበርተኞቿ የተደበደቡባት፣ ማተሚያቸው ከወንዝ የተጣለባት ዘመን ነበር። ታሪኳን ስንመረምር ስለ ራሳችን ማኅበራት ዕጣ ፈንታ ብዙ እንማራለን።

ከችሮታ ወደ መብት

ኦሃዮ የአሜሪካ ግዛት ሆና ኅብረቱን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1803 ነው። ባርነትን ብትከለክልም በ1804 እና በ1807 ያወጣቻቸው ሕጎች ወደ ግዛቷ የሚገባ ጥቁር የነፃነት ወረቀት እንዲያሳይና የ500 ዶላር ዋስ እንዲጠራ ያስገድዱ ነበር። በ1834 ሲንሲናቲ በሚገኘው የሌን ሴሚናሪ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ባርነትን በተመለከተ ለ18 ምሽቶች ተከራከሩ፤ ክርክሩ ሲያበቃም የፀረ ባርነት ማኅበር መሠረቱ። የትምህርት ቤቱ የቦርድ አባላት ግን ከተማው እንዳይቆጣ ፈርተው በዚያው ዓመት ማኅበሩን ከለከሉ። ተማሪዎቹ ምን አደረጉ? ማኅበሩን ከመተው ትምህርት ቤቱን መተው መረጡ። ብዙዎቹ በ1835 ወደ ኦበርሊን ኮሌጅ ተሻገሩ፤ ወደዚያ በሄዱበት ጊዜ ኮሌጁ ጥቁር ተማሪዎችን ለመቀበል ወሰነ። ስደት ማኅበርን እንደማይገድል፣ አንዳንድ ጊዜም እንደሚያሰፋ፣ ይህ የመጀመሪያው ምስክር ነው።

በዚያው በ1835 ሚያዝያ ወር የኦሃዮ ፀረ ባርነት ማኅበር በዛንስቪል አጠገብ ተመሠረተ። የማኅበሩ ጋዜጣ ስሙ «ፊላንትሮፒስት» ነበር፤ ሰው ወዳድ ማለት ነው። አዘጋጁ ጀምስ በርኒ ቀድሞ ራሱ ባሪያ አሳዳሪ የነበረና ባሪያዎቹን ነፃ ያወጣ ሰው ነበር። በ1836 ሐምሌ ወር የሲንሲናቲ ረብሸኞች የጋዜጣውን ማተሚያ ሰባብረው ስብርባሪውን ወደ ኦሃዮ ወንዝ ወረወሩት። ዛሬ በአሜሪካ ባለጸጎች ግብዣ ላይ በክብር የሚጠራው «ፊላንትሮፒ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን በኦሃዮ የሚያስደበድብ ቃል እንደነበር ልብ ይሏል። ማኅበርተኞቹ ግን ሌላ ማተሚያ አምጥተው ማሳተማቸውን ቀጠሉ። በጥቁሮች ላይ የወጡት ሕጎችም በ1849 በአብዛኛው ተሻሩ።

ከሁሉ የሚልቀው ለውጥ የመጣው በ1851 ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ማኅበር በሕግ ሰውነት እንዲኖረው ከተፈለገ በአብዛኛው የግዛቱ ምክር ቤት በስሙ ልዩ ሕግ ሊያወጣለት ይገባ ነበር። በአጭሩ ማኅበር መሆን ችሮታ ነበር፤ ወዳጅ ያለው ያገኛል፣ ወዳጅ የሌለው ይቀራል። የ1851ዱ የኦሃዮ ሕገ መንግሥት በአሥራ ሦስተኛው አንቀጹ ይህን በር ዘጋ፦ ምክር ቤቱ በልዩ ሕግ ለማንም የድርጅት ሥልጣን እንዳይሰጥ፣ ድርጅቶችም ለሁሉ እኩል በሆነ ጠቅላላ ሕግ እንዲቋቋሙ ደነገገ። የሕጉ መነሻ በአብዛኛው የባንኮችና የባቡር ኩባንያዎች አድልዎ ቢሆንም ትርፉ ለድኻው ማኅበርም ደረሰው። ፈቃድ መለመን ቀረና መመዝገብ ተተካ።

ገንዘቡ ከማን?

በመብት የቆመ ማኅበር በምን ይኖራል? ኦሃዮ ለዚህ ጥያቄም መልስ አበጅታለች። በ1913 የክሊቭላንድ በጎ አድራጊዎች በተናጠል መለመናቸውን ትተው በአንድነት ገንዘብ የሚሰበስቡበትን ፌዴሬሽን አቋቋሙ። በ1914 ፍሬድሪክ ጎፍ የተባለ የባንክ ሰው የክሊቭላንድ ፋውንዴሽንን መሠረተ። ጎፍን ያስጨነቀው ሙታን በኑዛዜ አስረውት የሚሄዱት ገንዘብ ዘመን ሲለወጥ ሥራ ፈት ሆኖ መቅረቱ ነበር። ስለዚህ የብዙ ሰው ስጦታ በአንድ ቋት ተቀምጦ የከተማው ሰዎች በየጊዜው ለሚያስፈልገው ጉዳይ እንዲያውሉት አደረገ። ይህ በዓለም የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ነው። ኮለምበስም የራሷን በ1943 አቋቋመች።

በ1935 ደግሞ በአክረን ከተማ ሁለት በመጠጥ የተጎዱ ሰዎች ተገናኝተው የአልኮል ሱሰኞችን መረዳጃ ማኅበር መሠረቱ። ይህ ማኅበር በ1950 በክሊቭላንድ ባደረገው ጉባኤ ከውጭ የሚመጣ ስጦታ እንደማይቀበል፣ በአባላቱ መዋጮ ብቻ እንደሚኖር አጸደቀ። በሌላ አነጋገር የአክረን ሰዎች የደረሱበት የእኛ ዕድር ከጥንት የሚያውቀው ጥበብ ነው።

የኦሃዮ ማኅበራት ሁሉ ጻድቃን ነበሩ አንልም። በ1893 በኦበርሊን የተመሠረተውና ኋላ ከኮለምበስ አጠገብ ባለችው ዌስተርቪል ማተሚያ ቤቱን ያቋቋመው ፀረ መጠጥ ቤት ሊግ መላውን አሜሪካ ከመጠጥ የከለከለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲጸድቅ አድርጓል፤ ሕዝቡም በ1933 ስሕተቱን አይቶ ሻረው። መንግሥትም ቢሆን እጁን ሰብስቦ አልተቀመጠም። ኦሃዮ በ1919 ያወጣችው ሕግ አብዮታዊ ትምህርት ለማስተማር የሚሰበሰቡትን ይቀጣ ነበር፤ ሕጉን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1969 ነው። በ1988 በዚያችው በዌስተርቪል ማርጋሬት ማኪንታየር የተባሉ እናት ለትምህርት ቤት የሚጣለውን ግብር በመቃወም ስማቸውን ያልጻፉበት ወረቀት በመበተናቸው 100 ዶላር ተቀጡ። እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስም ሳይጽፉ ሐሳብን መግለጽ መብት ነው ሲል ፈረደላቸው። በብዕር ስም የምንጽፍ ሁሉ የእኒህ ሴት ባለዕዳዎች ነን።

ቀባሪው ማኅበርና ተናጋሪው ማኅበር

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢትዮጵያውያን ማኅበር መመሥረትን ከማንም አልተማሩም። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዕቁብ፣ ደቦ የቆዩ ናቸው፤ ዕድርም በ20ኛው መቶ ዘመን በከተሞች ተስፋፍቶ የብሔርና የሃይማኖት ወሰን ሳያግደው ጎረቤትን ከጎረቤት አስተሳስሯል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል ሕጉ ነው። ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ዕድርን አላጠፉም። ሙታንን መቅበር ማንንም አላስፈራም። ማኅበር ስለ ሕያዋን መናገር በጀመረበት ቀን ግን ታሪኩ ይለወጣል።

በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መንገድና ትምህርት ቤት ለመሥራት የተነሣ ነበር። የሕዝብን በደል ማንሣት ሲጀምርና ጄኔራል ታደሰ ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች ሲሰባሰቡበት በ1959 ዓ.ም. መሪዎቹ ታሰሩ፤ ማኅበሩም ተዘጋ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የወጣው የማኅበራት መመዝገቢያ ደንብ ሥልጣኑን ለሀገር ግዛት ሚኒስቴር የሰጠ ነበር፤ ማለትም ጸጥታን ለሚያስከብረው እጅ። ደርግ በ1968 ዓ.ም. የሠራተኛውን ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አፍርሶ በራሱ አምሳል ሌላ አቋቋመ።

በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን፣ ኢሰመጉን፣ መሠረቱ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ የመደራጀት መብት አለው ሲል ደነገገ። ይሁን እንጂ የመምህራን ማኅበር ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ዓመታትን በእስር አሳለፉ፤ የማኅበሩ ባልደረባና የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ አባል አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. ሚያዝያ 30 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የፍትሕ ሚኒስቴርን በመተቸቱ በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ታገደ፤ እገዳው የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው። የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትናንት የታገደው ማኅበር ለሀገር ምን ዓይነት ሰው ያሳድግ እንደነበር ከዚህ በላይ ምስክር ያሻዋልን?

በ1997 ዓ.ም. የሲቪክ ማኅበራት ምርጫውን እንዳይታዘቡ ምርጫ ቦርድ ሲከለክላቸው በፍርድ ቤት ከሰው ረቱት። የዚያ ትግል ግንባር ቀደም የነበሩት ነፃነት ደምሴና ዳንኤል በቀለ በ1998 ዓ.ም. ታስረው እስከ 2000 ዓ.ም. ማረሚያ ቤት ቆዩ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሰውን ማሰር ብቻ አልበቃውም፤ ሕግ አወጣ።

«የውጭ» የተባለው የወንድም ገንዘብ

አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በዴሞክራሲ፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በዕርቅና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። የውጭ ምንጭ ማለት ምንድን ነው? አዋጁ ሲተረጉመው የውጭ መንግሥታትንና ዓለም አቀፍ ተቋማትን ብቻ አልጠቀሰም፤ «በውጭ አገር የሚገኝ ማንኛውም ሰው» የሚል ጨመረበት። ስለዚህ ኮለምበስ ውስጥ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ለኢሰመጉ የሚልካት ሃያ ዶላር በሕግ ፊት የባዕድ ገንዘብ ሆነች። ለእናቱ ሲልክ ሀገር ወዳድ፣ ለመብት ሲልክ ባዕድ!

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በ2002 ዓ.ም. የኢሰመጉና የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ የባንክ ሒሳብ ታገደ። ኢሰመጉ ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ዘጋ፤ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም እንኳ ተነሥቶበት «ሰመጉ» ተብሎ እንደገና ተመዘገበ። የሒሳቡን እገዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ዓ.ም. አጸናው። አዋጁ የተሻረው ከዐሥር ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፤ ኢሰመጉም ስሙን መለሰ። ብዙዎቻችን ያ ምዕራፍ ተዘጋ አልን። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የመብቶችና ዴሞክራሲ ዕድገት ማዕከልን፣ የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ማዕከልንና ኢሰመጉን ጨምሮ የተለያዩ ድርጅቶችን በደብዳቤ አገደ። ሕጉ ተሻሽሎ ነበር፤ ማኅበርን በደብዳቤ ማገድ የሚችለው እጅ ግን በቦታው ነበር።

ምን እንማራለን?

የኦሃዮና የእኛ ልዩነት በሕዝቡ ልግስና አይደለም። ኢትዮጵያዊ ከማንም ያላነሰ ይሰጣል፤ ከማንም ያላነሰ ይደራጃል። እዚህ ኮለምበስ በ2000 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ተዋሕዶ የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ከየትም ሀገር ለመጣ ስደተኛ ቋንቋ በማስተማርና ሥራ በማስፈለግ ያገለግላል። ያው ሰው፣ ያው ባህል፣ በሌላ ሕግ ሥር። ልዩነቱ ማኅበርን የሚዘጋው ደብዳቤ ነው ወይስ ፍርድ የሚለው ነው። ኦሃዮ ከችሮታ ወደ መብት የተሻገረችው ተማሪዎች ትምህርታቸውን፣ ጋዜጠኞች ማተሚያቸውን ከፍለውበት ነው።

ስለዚህ በስደት ያለነው ሁለት ሥራ አለብን። አንደኛው፣ ለሀገር ቤት የምንጠይቀው ይበልጥ ቸር የሆነ ባለሥልጣን ሳይሆን ያለ ዳኛ ማኅበር ሊያግድ የማይችል ባለሥልጣን እንዲሆን ነው። የመሪዎች ፊት በተለወጠ ቁጥር ተስፋ መቁረጥና ተስፋ ማድረግ ስንፈራረቅ የኖርነው ጥያቄያችንን በሰው ላይ ስላደረግነው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከራሳችን ይጀምራል። በየከተማው ያሉ የኮሚኒቲ ማኅበሮቻችን መዋጮ በወቅቱ ይክፈሉ፤ ሒሳባቸውን በየዓመቱ ለአባላት ይግለጹ፤ ሊቀ መንበሩ በምርጫ ወጥቶ በምርጫ ይውረድ። በነፃ ምድር ላይ ማኅበሩን በግልጽነት ማስተዳደር ያቃተው ሰው ሀገር ቤት ያለውን ባለሥልጣን ሊወቅስ ቢነሣ አፉ ይያዛል። ዕድሮቻችን ሙታናችንን በክብር መሸኘት ያውቃሉ፤ ለሕያዋን መቆምንም ያንኑ ያህል ይወቁበት።

ቸር ያሰማን።