ከኳርትዝ ወደ ሴራሚክ፦ የአልትራሳውንድ አንቀሳቃሽ ሰርኪዩት ታሪክና አለካኩ

ዣክ እና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 እንደ ኳርትዝ ያለ ክሪስታል ሲጫኑት በገጾቹ ላይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሚታይ አረጋገጡ። በተከታዩ ዓመት ገብርኤል ሊፕማን የነገሩ ግልባጭም እውነት መሆን እንደሚገባው በስሌት አመለከተ፤ ይኸውም ቮልቴጅ የተሰጠው ክሪስታል መጠኑን ይለውጣል ማለት ነው። ኩሪዎችም ይህንኑ በሙከራ አጸኑት። ዛሬ በጅግጅጋ ሆስፒታል ፅንስ የሚታይበትም ሆነ የሕክምና ዕቃ የሚታጠብበት የአልትራሳውንድ መሣሪያ መነሻው ይኸው ነው።

ግኝቱ ወደ ሥራ የተሸጋገረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ፖል ላንዥቫ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ ለመፈለግ ሲጥር ኳርትዝን በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል አጣበቀ። በሙከራው ገንዳ በድምፁ መንገድ ላይ የገቡ ዓሦች ሞቱ፤ እጅ ሲከተትበትም ሕመም ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ አሜሪካውያኑ ሮበርት ዉድ እና አልፍሬድ ሉሚስ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተሙት ሥራ የከፍተኛ ቮልቴጅ ዘመን ቁንጮ ሊባል ይችላል። ባለ 2 ኪሎዋት የቫክዩም ቱቦ ኦስሌተር እስከ 50,000 ቮልት እየሰጠ፣ በዘይት ውስጥ የተቀመጠውን የኳርትዝ ዲስክ ያንቀጠቅጥ ነበር። የድምፁን ግፊት ለመለካት በዘይቱ ላይ የመስታወት ሰሌዳ አኑረው ክብደት ጫኑበት። እኔ ይህን አለካክ እጅግ አደንቃለሁ፤ ወደ 50,000 ቮልቱ እጅ ሳይሰድዱ የሥራውን ውጤት መዝነዋልና።

ባሪየም ታይታኔት በ1940ዎቹ፣ ከእርሳስ፣ ከዚርኮኒየምና ከታይታኒየም የሚሠራው ሴራሚክም በ1950ዎቹ ሲመጡ፣ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ወደ መቶዎች ወረደ። አደጋው ግን አብሮ አልወረደም። የዉድን መሣሪያ ያየ ሁሉ ይፈራው ነበር፤ የዛሬውን ትንሽ ሣጥን የሚፈራ የለም። ሆኖም የ230 ቮልት መስመር ሲስተካከል 325 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም በዚህ ቮልቴጅ 25 ጁል ያህል ኃይል ይይዛል። መሣሪያው ከተነቀለ በኋላ 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ቢገናኝለት እንኳ ከ50 ቮልት በታች ለመውረድ ወደ 90 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሬዚስተሩም ቢያንስ 2 ዋት መሆን ይኖርበታል።

በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ ለሚሠራ ባለሙያ ተተኪ ዕቃ ከሩቅ ስለሚመጣ ሰርኪዩት ማሻሻል ቅንጦት አይደለም። የተቃጠለ ትራንስዱሰር ሌላ ዓይነት ሲተካበት አስቀድሞ ካፓሲታንሱ ይለካ። በ40 ኪሎኸርዝ ለ4 ናኖፋራድ የሚስማማው ጥቅል ሽቦ 4 ሚሊሄንሪ ያህል ነው፤ ካፓሲታንሱ ሲለወጥ ጥቅሉም መለወጥ አለበት። ከዚህም በላይ ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 83 በመቶ ያህል ነው። ስስ አየር ደግሞ በቀላሉ ብልጭታ ያሳልፋል። የፋብሪካ ዕቃ ብዙውን ጊዜ እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ ይሠራል፤ በእጅ የሚዘረጋው አዲስ ሽቦ ግን ይህ ዋስትና የለውም፤ ርቀቱ ይጨመርለት።

ወደ መለካቱ ስንመጣ፣ የኦስሲሎስኮፕ የመሬት መቆንጠጫ ከመሣሪያው አካል ጋር የተገናኘ መሆኑ ይዘነጋል። ከመስመር ጋር በቀጥታ በተያያዘ ሰርኪዩት ላይ ሲቆነጠጥ አጭር ዙር ይፈጠራል። አንዳንዶች ይህን ለማምለጥ የኦስሲሎስኮፑን የመሬት እግር ይቆርጣሉ፤ እንዲህ ማድረግ የብረት ሣጥኑን ራሱን ገዳይ ያደርገዋል። የሚሻለው ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ የልዩነት መለኪያ ፕሮብ ነው፤ እርሱ ከሌለ፣ መጠናቸው የሚፈቅድ ሁለት ባለ 100 እጥፍ ፕሮቦችን በሁለት ቻናል ተጠቅሞ አንዱን ከሌላው መቀነስ ይቻላል። በፕሮቡ ላይ የተጻፈው የቮልት ወሰን ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር እንደሚወርድም ልብ ይሏል። 10 ፒኮፋራድ ያለው ፕሮብ በ2 ሜጋኸርዝ 8 ኪሎኦም ያህል ጭነት ስለሚሆን የሚለካውን ነገር ራሱን ይለውጠዋል።

በመጨረሻም የቆላው ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። ሴራሚኩ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ምንም ምንጭ ሳይገናኝለት ቻርጅ ያበጃል፤ ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት ወጥቶ በሺኒሌ ወይም በአይሻ ፀሐይ የዋለ ትራንስዱሰር ጣት ሊያስደነግጥ፣ ትራንዚስተርም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ተያይዘው ይቀመጣሉ፤ ሽቦውም የሚፈታው ሰርኪዩቱ ውስጥ ከተበየደ በኋላ ነው።