የዲክሲ ዲን 60፣ የይድነቃቸው 318

ከሚሴ ውስጥ ዲኤስቲቪ የሚያሳዩ ቤቶች የእንግሊዝ ጨዋታ ሲኖር ጢም ይላሉ። ያስተማርኳቸው ልጆች የእንግሊዝን ኳስ ከእኔ አብልጠው ያውቃሉ፤ የጥንቱን ሳይቀር። «ቲቸር፣ ዲክሲ ዲን እኮ በአንድ ዓመት 60 ጎል አግብቷል!» አለኝ አንዱ። ልክ ነው። የኤቨርተኑ ዲን እ.ኤ.አ. በ1927/28 በ39 የሊግ ጨዋታ 60 ጎል አስቆጥሯል፤ በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ እስካሁን የደረሰበት የለም። «የእኛስ አገር ሰው?» ስለው ዝም አለ።

የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1914 ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ባለ ቅኔ ናቸው፤ ልጅየው ኋላ በስብሰባ ላይ ምላሳቸው የማይታሰረው ከዚያ የወረሱት ነገር ቢኖር ነው እላለሁ። በ1928 አራዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ኳስ ቡድን ሲመሠረት ገና በ14 ዓመታቸው ማልያውን ለበሱ።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። በሚያዝያ የባዶሊዮ የመኪና ሰልፍ ከደሴ ተነሥቶ፣ ይህንኑ የእኛን የቦርከናን ሸለቆ ይዞ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ በ27 አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ የከሚሴ ልጅ አዲስ አበባ የሚሄድበት መንገድ ያ ነው።

ጣሊያን ኳሱን አልከለከለም፤ ለየው። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር፣ ነጭ ከነጭ ጋር ይጫወት ተባለ። የጊዮርጊስም ስም ተሽሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ሆነ። ዲን ጎል ባገባ ቁጥር ጋዜጣ ያትምለት ነበር። የውቤ ሰፈሩን ወጣት ጎል ማን ይጻፍለት?

በልጅነቴ ከሚሴ ላይ ኳስ የምንወርደው ከአስር ሶላት በኋላ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሙቀቱ አያስጠጋም። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በሲባጎ እንጠፍራለን። ያገባ ራሱ ይቆጥራል፣ የተቆጠረበት ይክዳል። ስለዚህ የጎል ቁጥር ሲነገረኝ ቆጣሪው ማን ነው ማለት ልማዴ ነው። ለይድነቃቸው የሚጠቀሰው በ365 ጨዋታ 318 ጎል ነው። እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመኝ ከእነማን ጋር እንደተጋጠሙ ነው። አገር ነፃ በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1936ቱ ሻምፒዮና፣ ጊዮርጊስ የተሰለፈው ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ነበር። ትናንት አብረኸኝ አትጫወትም ያለው ወገን ዛሬ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ፊሽካ!

ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950 ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ተጫዋች ሳሉ፣ በ1949 ካርቱም ላይ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዱ ሆነዋል። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ቡድን ልላክ አለች፤ ከውድድሩ ወጣች። ይህን ንግግር ይድነቃቸው ከውቤ ሰፈር ያውቁታል።

በ1954 በአሠልጣኝነት የአፍሪካን ዋንጫ ለኢትዮጵያ አስገኙ፤ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ያን ድል ሁሉም ስለሚተርከው አልፈዋለሁ።

ትልቁ ግጥሚያቸው ከሰር ስታንሊ ራውስ ጋር ነበር። ራውስ እ.ኤ.አ. የ1934ቱን የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ የዳኙ እንግሊዛዊ ናቸው፤ የፊፋ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ፊፋ በዘር መድልዎዋ ምክንያት በደቡብ አፍሪካ ላይ የጣለውን እገዳ በ1955 አነሡ። አፍሪካውያን ጮኹ፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እገዳው ተመለሰ። ይድነቃቸው ከ1964 ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን መሩ፤ ራውስ በ1966 በምርጫ ተሸነፉ፤ ደቡብ አፍሪካ በ1968 ሞንትሪያል ላይ ከፊፋ ተባረረች።

ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 አረፉ። ጥር 1988 ላይ ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ዋንጫ አዘጋጅታ ወሰደች። ነጩ አምበል ኒል ቶቪ ዋንጫውን ሲያነሣ ኔልሰን ማንዴላ የእሱኑ 9 ቁጥር ማልያ ለብሰው አጠገቡ ቆመው ነበር።