የእንቁላል ጣይ ዶሮ የአሚኖ አሲድ ፍላጎት፦ የአንድ ቁጥር ታሪክ

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘጠነኛ የተሻሻለ ሠንጠረዥ መሠረት፣ ነጭ እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን 300 ሚሊግራም ሜቲዮኒንና 690 ሚሊግራም ላይሲን ያስፈልጋታል። እነዚህ ቁጥሮች በትምህርት ክፍልም ሆነ በመኖ ማቀነባበሪያ ዘንድ እንደ ሕግ ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ የየትኛዋ ዶሮ ፍላጎት እንደሆኑ የሚጠይቅ ባለሙያ ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ከዶሮ ቤት ሳይሆን ከአይጥ ሣጥን ነው። ቶማስ ኦስቦርንና ላፋዬት ሜንደል በአሜሪካ በኮኔቲከት በ1914 ባወጡት ሥራ፣ ዜይን የተባለውን የበቆሎ ፕሮቲን ብቻ የተመገቡ አይጦች እንደሚከሱ፣ ትሪፕቶፋን ሲጨመርላቸው ክብደታቸው ባለበት እንደሚቆይ፣ ላይሲን ሲታከልበት ግን ማደግ እንደሚጀምሩ አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላም ጥያቄውን ወደ ጫጩቶች አሻገሩት። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጆን ሃዋርድ ሙለር ሜቲዮኒንን ከወተት ፕሮቲን ለየ፤ በ1935 ደግሞ ዊልያም ሮዝ ትሪዮኒንን አገኘ። ከዚያ ወዲህ የፕሮቲን መጠን ብቻውን መመዘኛ መሆኑ ቀረ፤ በፕሮቲኑ ውስጥ ያለው ነገር ይመረመር ጀመር።

ሜቲዮኒን በዶሮ ዘንድ የተለየ ቦታ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። በበቆሎና በአኩሪ አተር ፋጉሎ በተዘጋጀ መኖ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጥረው እርሱ ነው። አንድ 60 ግራም የሚመዝን እንቁላል ብቻውን ወደ 200 ሚሊግራም የሚጠጋ ሜቲዮኒን ይዞ ይወጣል፤ ላባና ሰውነትም የየራሳቸውን ድርሻ ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች አሠራር ቀላል ነበር። ዶሮዎችን በየቡድኑ ከፍለው የአሚኖ አሲዱን መጠን ደረጃ በደረጃ ይጨምሩላቸዋል፤ የእንቁላሉ ምርት ከዚያ በላይ አልጨምር ያለበትን ነጥብም «ፍላጎት» ብለው ይጽፋሉ። በግራፍ ላይ ሲሣል ወደ ላይ ወጥቶ በድንገት የሚጋደም መስመር ይሆናል። ችግሩ መንጋው እንዲህ ያለውን ስብራት አለማሳየቱ ነበር። ምርቱ እየጨመረ፣ ጭማሪው ግን ቀስ በቀስ እያነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንዱ ተመራማሪ ነጥቡን እዚህ፣ ሌላው እዚያ ያኖረው ነበር።

ለዚህ አጥጋቢ መልስ የሰጡት በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፊሸር፣ ሞሪስና ጄኒንግስ ናቸው። በ1973 ባወጡት ጽሑፍ የተሰበረው መስመር የአንዲት ዶሮ፣ ጎባጣው መስመር ደግሞ የመንጋው ነው አሉ። እያንዳንዷ ዶሮ ለምትጥለው ለእያንዳንዱ ግራም እንቁላልና ለሰውነቷ ለእያንዳንዱ ኪሎ የተወሰነ መጠን ትፈልጋለች። በአንድ ቤት ውስጥ ግን በየቀኑ ትልቅ እንቁላል የምትጥለውና አንድ ቀን እየዘለለች የምትጥለው ከአንድ ገንዳ ይበላሉ። መኖው ሲሻሻል ደካማይቱ ቀድማ ትጠግባለች፤ ብርቱዋ ገና ትጠብቃለች። የሁሉ አማካይ ሲወሰድ ስብራቱ ይጠፋል።

የሐሳቡ ክብደት የሚታየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የመንጋ ፍላጎት የሚባል በባሕርይ የተወሰነ ነጥብ ከሌለ፣ መጠኑን የሚወስነው ገበያው ነው፤ ለመጨረሻዋ ሚሊግራም የሚከፈለው ዋጋ ከምታስገኘው ተጨማሪ እንቁላል ዋጋ ጋር እስኪስተካከል ድረስ መጨመር ያዋጣል። ጽሑፉ በወጣበት ወራት ገበያው ራሱ ምስክር ሆነ። በፔሩ የአንቾቪ ዓሣ ምርት በ1972 እና በ1973 ወድቆ የዓሣ ዱቄት ተወደደ፤ አሜሪካም በ1973 ሰኔ ወር አኩሪ አተር ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች። የትናንቱ «ፍላጎት» ለዛሬው ዋጋ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ።

የ1994ቱ ሠንጠረዥ ይህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለም፤ በእኔ አስተያየት ይህ ጉድለቱ ነው። አንድ ቁም ነገር ግን በግልጽ አስፍሯል። ያው 300 ሚሊግራም በቀን 120 ግራም ለምትበላ ዶሮ ከመኖው 0.25 ከመቶ፣ 80 ግራም ብቻ ለምትበላ ግን 0.38 ከመቶ ይሆናል። በቆላ ሙቀት የዶሮ የምግብ ፍላጎት እንደሚቀንስ ለሚያውቅ የአገራችን ባለሙያ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከዚህም ሌላ ሠንጠረዡ ለበቆሎና ለአኩሪ አተር አገር የሚስማማውን ያህል ለእኛ አይስማማም። የኑግ ፋጉሎ ላይሲን ያንሰዋል፤ የሰሊጥ ፋጉሎም በሜቲዮኒን የበለጸገ ሲሆን በላይሲን ድኻ ነው። በእነዚህ በተዘጋጀ መኖ ውስጥ ቀድሞ የሚያጥረው ላይሲን ነውና፣ ሠንጠረዡን የሚገልጥ ሰው ከ300ው በፊት 690ውን ማየት ይኖርበታል። በቆሎና ኑግ ብቻ ቀላቅሎ ፕሮቲኑን 15 ከመቶ ያደረሰ ሰው ፕሮቲኑን አሟልቷል፤ ላይሲኑን ግን ገና አላሟላም።