የኅዳር በሽታና እኛ ያልዘመትንበት ጦርነት



ኅዳር 12 ሲቃረብ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «ዶክተር፣ ልጄ አስም አለበት፤ የሰፈሩን ጭስ ምን ላድርገው?» መልሱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ዛሬ ግን መጀመሪያ ጭሱ ከየት እንደመጣ እናውራ። ኅዳር ለምን ይታጠናል ስንባል «የኅዳር በሽታን ለማባረር» እንላለን። ልክ ነው። በሽታው ግን ብቻውን አልመጣም። መንገድ የጠረገለት ኢትዮጵያ ያልዘመተችበት ጦርነት ነው።

ጦርነቱ ለምን ያን ያህል ገዘፈ?

እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1914 የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ከተማ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት ጦርነት ውስጥ ገብተው ነበር። ግድያው ክብሪቱ ነው፤ ጭዱ ግን ለዓመታት ሲከመር ቆይቷል። አንዱ ሲነካ ሌላውም እንዲዘምት የሚያስገድድ ውል ነበር፤ የቅኝ ግዛት ሽሚያና የጦር መሣሪያ ፉክክርም ነበር። በዚያ ላይ ባቡር ተጨመረ። የትኛው ጦር በየትኛው ቀን ድንበር እንደሚደርስ አስቀድሞ በዝርዝር ታቅዶ ስለነበር፣ አንዱ ክተት ሲል ሌላው «ከዘገየሁ ተበላሁ» ብሎ ተከተለ። ለመነጋገር ጊዜ ጠፋ።

የቀድሞ ጦር ብዙ ጊዜ ስንቁ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። የኢንዱስትሪ ዘመን ጦርነት ግን አልበርድ አለ። ፋብሪካው ሌት ተቀን ያመርታል፣ ባቡሩ ያደርሳል፣ የወደቀውን ወጣት የሚተካ ሌላ ወጣት በዚያው ባቡር ይመጣል። ጀርመን ከአየር ናይትሮጅን ወስዳ ማዳበሪያ ልትሠራበት የጀመረችው ጥበብ እንኳ ፈንጂ መሥሪያ ሆነ። በጠቅላላው ከ60 ሚሊዮን በላይ ሰው ለጦሩ ተሰለፈ። ፈረንሳይ ውስጥ ሶም በተባለው ግንባር፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1916፣ በአንድ ቀን ብቻ ከ19 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ሞቱ።

የማይታየው ቁስል

አካላቸው ሳይቆስል የሚንቀጠቀጡ፣ አንደበታቸው የተሳሰረ፣ እንቅልፍ ያጡ ወታደሮች ወደ ሆስፒታል ይጎርፉ ጀመር። አንዳንድ ሐኪሞች የመድፉ ንዝረት አንጎላቸውን ነክቶት ነው አሉ፤ ብዙ አዛዦች ግን ፈሪ አሏቸው። እንግሊዝ ከጦር ሜዳ በመሸሽ፣ በፍርሃትና በመሳሰሉት ጥፋቶች ከስሳ በራሷ ጥይት የገደለቻቸውን 306 ወታደሮች ይቅር ያለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከእነሱ መካከል ዛሬ ክሊኒክ ቢመጡ «ታመዋል» ብለን የምናክማቸው ነበሩ።

በሽታው እንዴት ተሳፈረ?

ቫይረሱ መጀመሪያ የት እንደተነሳ ዛሬም ያከራክራል። ቀደም ብለው ከታወቁት ወረርሽኞች አንዱ ግን እ.ኤ.አ. በማርች 1918 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ካምፕ ፈንስተን በተባለ የወታደር ማሠልጠኛ የታየው ነው። አስቡት፤ ሺዎች በአንድ ግቢ ይበላሉ፣ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ ከዚያ በመርከብ ታጭቀው ወደ ፈረንሳይ ይሻገራሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው በሰላም ጊዜ ቤቱ ይተኛል። በጦርነት ጊዜ ግን በጠና የታመመው በተጨናነቀ ባቡር ወደ ተጨናነቀ ሆስፒታል ይላካል፤ በደረሰበት ሁሉ ያስተላልፋል።

በኦገስት 1918 በጣም ገዳይ የሆነው ሁለተኛው ዙር በአንድ ሰሞን በሦስት ወደቦች ታየ፦ በሴራሊዮን ፍሪታውን፣ በፈረንሳይ ብሬስት፣ በአሜሪካ ቦስተን። ሦስቱም የጦር መርከብ የሚመላለስባቸው ነበሩ።

ተዋጊዎቹ አገሮች ደግሞ የሕዝቡ ሞራል እንዳይወድቅ ዜናውን አፈኑ። ጦርነቱ ውስጥ ያልነበረችው ስፔን ጋዜጦቿ በነጻነት ስለጻፉ ስሙ ለእሷ ተረፈ፤ «የስፔን ጉንፋን» ተባለ። እውነቱን የተናገረ ስም ወጣለት ማለት ነው።

ይህ ኢንፍሉዌንዛ እንደ ሌላው ጊዜ ሕፃናትንና አዛውንትን ብቻ አልገደለም፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶችም አጨደ። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ተከትሎ የመጣው የሳንባ ምች ነው። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። በግንባር የሞቱት ወታደሮች 9 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ በወረርሽኙ የሞቱት ግን ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት 50 ሚሊዮን ይደርሳሉ።

ኅዳር 1911 ዓ.ም.

የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በሽታውም በዚሁ የወደብ መስመር ሳይመጣ አልቀረም። ከተማዋ የነበሯት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቤተሰቡ ሁሉ በአንዴ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል ጠፋ፤ መቃብር የሚቆፍር ጠፋ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። በአዲስ አበባ ብቻ ሺዎች ሞቱ።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። የአውሮፓው ጦርነት ያቆመው ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ነው፤ በእኛ ኅዳር 2 ቀን 1911። እዚያ የሰላም ደወል ሲደወል እዚህ ሬሳ ይለቀም ነበር። ጦርነት የሚያበቃው ተኩሱ በቆመ ቀን አይደለም፤ የጀመረው በሽታ፣ ረሃብና ድንጋጤ ሲያበቃ ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

1. የክትባት ካርድ፦ ግጭት ሲኖር ጤና ጣቢያ ይዘጋል፣ ክትባት ይቋረጣል፤ ኩፍኝ የሚነሳው ያኔ ነው። ከቀያችሁ ብትነሱ ካርዱን ከመታወቂያ ጋር ያዙ። የተቋረጠ ክትባት ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም።

2. የፈራ ልጅ፦ ክፉ ነገር ያየ ልጅ ሌሊት ቢባንን፣ አልጋ ላይ መሽናት ቢጀምር፣ ዝም ቢል አትቆጡት። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ከመብላትና ከመጫወት ካገደው፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

3. በሽታን አለመደበቅ፦ በሰፈራችሁ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢታመም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ለጤና ጣቢያ ንገሩ። በ1918 ዝምታው ብዙ ሰው አስከፍሏል።

4. ጭሱ፦ ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ እንጂ በቆሻሻ አይመጣም፤ ስለዚህ ጭስ አያባርረውም። ሰፈር ማጽዳቱ ግን ጥሩ ልማድ ነው። ጥረጉ፣ ሰብስቡ፣ ፕላስቲክና ጎማ ግን አታቃጥሉ። አስም ያለበትን ልጅ ቤት አስገቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ የሚነፋውን መድኃኒት አጠገቡ አድርጉ። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መናገር ካቃተው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ዘንድሮ ኅዳር 12 ልጆቻችሁ ስለ ጭሱ ሲጠይቋችሁ ይህን ታሪክ ንገሯቸው።

ጤና ይብዛላችሁ።