ከጎጀብ ማዶ ሲነበብ፦ የበዛብህ ስለትና የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ማዕከላዊ ግጭት

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ሲዋጉ ቆይተው በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ የወደቁት በጎጀብ ወንዝ አካባቢ፣ በከፋ ሰሜናዊ ደጃፍ ነበር። ከዚያ ወደ ጣሊያን ተጋዙ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚተርከው ግን ስለ ጎጃም ነው። በከፋ፣ ቦንጋ ላይ ተቀምጦ ልቦለዱን የሚመረምር ሰው በዚህ አጋጣሚ ብዙ መመካት አይገባውም፤ የሚያዋጣው የአካባቢው ማኅበራዊ ታሪክ ነው።

መጽሐፉን በትምህርት ቤት ያነበበ ሰው ማዕከላዊ ግጭቱን ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ፊታውራሪ መሸሻን ይጠራል። አባት ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ያጣሉ፤ ልጅቱ ሳታገባ ትቆያለች፤ አስተማሪዋ ሆኖ የመጣው የድሀ ልጅ በዛብህ ይወድዳታል። ይህ ንባብ ስሕተት ባይሆንም የበዛብህን ጉዳይ የፊታውራሪ ቤት ካለበት ከዲማ ጊዮርጊስ ይጀምረዋል። የልጁ ጣጣ የተጀመረው ግን በትውልድ መንደሩ በማንኩሳ ነው። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ገና በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል። ትዳር የማይፈቅድ ሕይወት ሳይጠየቅ ተቆርጦለታል።

ለከፋ አንባቢ በልቦለዱ ያለው የመደብ ግንብ እንግዳ አይደለም። በአደን፣ በማር፣ በማገዶና በከሰል ሽያጭ የሚታወቁት ማንጆዎች በከፋ ንጉሣዊ ዘመን የመንግሥቱን በሮች ይጠብቁ ነበር። ሆኖም ከቀረው የከፋ ሕዝብ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብም ሆነ መጋባት ለረጅም ዘመን ተከልክለው ኖረዋል። ማንጆ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሲያጋጥመው ገለል ብሎ እንዲያሳልፍ ይጠበቅበት ነበር። ገለል የሚለው ሰው ዱላ የያዘ ዘበኛ ባይቆምበትም ገለል ይላል፤ ክልከላው ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ውስጥ ገብቷል። የፊታውራሪ ቤት አጥር ከውጭ የቆመ ነው፤ ሰው ሊዘለው ይችላል። ስለት ግን ከዚህ የመንገድ ልማድ ጋር ይቀራረባል፤ የተከለከለው ሰው ራሱ ጠባቂው ይሆናል።

በዛብህ ስለቱን እንደ ሌሎች ሰዎች ሕግ አይመለከተውም፤ ያምንበታል። ሰብለን ሲወድድ ፊታውራሪን ይፈራል፤ ከእሳቸው ይልቅ ግን ኃጢአቱን ይፈራል። የልቦለዱ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳ የዘር ቆጠራንና የባላባትነትን ሥርዓት በንግግሩ ያፈራርሰዋል። የዚህ ሰው ንግግሮች በልቦለዱ ውስጥ ከሁሉ የሚወደዱ ቢሆኑም ለበዛብህ ትልቁ ቋጠሮ መድኃኒት አይሆኑም (በእኔ ግምት ይህ የደራሲው ትልቅ ጥበብ ነው)። ወላጆች ለእግዚአብሔር የሰጡት ቃል በክርክር አይረታም።

ስለዚህ ሰብለ ከበዛብህ ፈጥና ታድጋለች። እሷን የያዛት የአባቷ ፈቃድ ነው፤ ያንን ስትጥስ መነኩሴ መስላ መንገድ ትወጣለች። በዛብህ ደግሞ አጥሩን አልፎ እንኳ ስለቱን ተሸክሞት ይሄዳል፤ ጋብቻቸው የተፈጸመው ሞት አልጋው አጠገብ ከቆመ በኋላ ነው። ልቦለዱን የጉርምስና ታሪክ ብለን ካነበብነው፣ ለአቅመ ሰው የደረሰችው ሰብለ ናት። ከፍጻሜው የሚወጣው መደምደሚያም ይኸው ይመስለኛል፤ ስለቱ የተፈታው ሊፈጽመው የሚችል ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

የቦንጋ ዩኒቨርሲቲና የቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይህን መጽሐፍ ሲያስተምሩ ውይይቱን ከማንኩሳ ምዕራፎች እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ። ተማሪው የመጀመሪያ ድርሰቱን ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሳይሆን ስለ ውድነሽ በጣሙ ይጻፍ።