ሽፋኑ የተለወጠለት አንባቢ

ባለፈው ዓመት ለልጄ የገዛሁትን የፊሊፕ ፑልማንን «ኖርዘርን ላይትስ»፣ በአሜሪካ «ዘ ጎልደን ኮምፓስ» በሚል ርእስ የሚታወቀውን ልብ ወለድ፣ እሷ ሳትጀምረው እኔ ጨረስሁት። ቀጣዮቹን ሁለት ቅጾች የገዛሁት ለራሴ ነው። ቀኑን ሙሉ የፖሊሲ ሰነድ ሲያገላብጥ ለሚውል ሰው፣ ሥልጣን ዕውቀትን ለምን እንደሚፈራ ሳያድበሰብስ የሚጠይቅ ታሪክ ማግኘት ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም በባቡር ውስጥ ሳነብ ሽፋኑን ወደ ጭኔ እመልሰው ነበር። የዚህን ኀፍረት ምንጭ ስፈልግ፣ መልሱን ከሥነ ልቡና ይልቅ በመጽሐፍ ንግድ ታሪክ ውስጥ አገኘሁት።

የልጆችና የአዋቂዎች መጻሕፍት በተለያየ መደርደሪያ መቀመጣቸው የተፈጥሮ ሕግ ቢመስለንም ዕድሜው አጭር ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዳንኤል ዴፎ በ1719 «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን ያሳተመው ለሕፃናት ብሎ አልነበረም፤ ሩሶ ግን በ1762 በ«ኤሚል» ውስጥ ለሚያሳድገው ምናባዊ ልጅ የመጀመሪያ መጽሐፍ አድርጎ የመረጠው ይህንኑ ነው። በመካከሉ፣ በ1744፣ ጆን ኒውበሪ የተባለ የለንደን አሳታሚ ለልጆች ብቻ የተዘጋጀች ትንሽ መጽሐፍ ለገበያ አቀረበ። ዋጋዋ 6 ፔንስ ነበር፤ 2 ፔንስ የጨመረ ሰው ለወንድ ልጁ ኳስ፣ ለሴት ልጁ የመርፌ መሰኪያ ትራስ ያገኝ ነበር። በዕድሜ የከፈለው ገበያ በጾታም በዚያው ከፍሏል።

በእኛ ዘንድ ይህ ግንብ ዘግይቶ ነው የመጣው። ማታ «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» የሚሉት ልጆች ቢሆኑም፣ ጆሮውን የሚሰጠው ቤተሰቡ በሙሉ ነበር። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ም በተማሪ ቤት ተነበበ እንጂ፣ ዛሬም በቃሉ የሚወጣው ጎልማሳው ነው።

ግንቡን የሠሩት ነጋዴዎች እንደሆኑ በደንብ የሚታየው ራሳቸው ሲያንቀሳቅሱት ነው። ብሉምስበሪ «ሃሪ ፖተር»ን በ1997 አሳተመ፤ በ1998 ደግሞ የመጀመሪያውን ቅጽ በጥቁርና ነጭ የባቡር ፎቶግራፍ አስጊጦ ለአዋቂዎች በሌላ ሽፋን አወጣው። ታሪኩ ያው ነው፤ የተሸጠው መሸሸጊያ ነው። በአሜሪካ የሆነው ተቃራኒው ነበር። የሃሪ ፖተር ቅጾች በኒውዮርክ ታይምስ ዋና የልብ ወለድ ሽያጭ ዝርዝር ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሰፍረው ቆዩ፤ ቦታ ጠበበን የሚል የአሳታሚዎች ቅሬታም በረታ። ጋዜጣው በሐምሌ 2000፣ አራተኛው ቅጽ ሊወጣ ሲል፣ የልጆች መጻሕፍትን የሚለይ አዲስ ዝርዝር ፈጠረ። አዋቂዎች የሚያነቡትን መጽሐፍ ከአዋቂዎች ዝርዝር ያስወጣው የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ፍርድ አይደለም። የፑልማን ሦስተኛ ቅጽ ደግሞ የ2001 የዊትብሬድ የዓመቱ መጽሐፍ ሽልማትን ሲያሸንፍ፣ ለዚያ ክብር የበቃ የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፍ ሆነ።

በ2012 ባውከር የተባለው የመጻሕፍት ገበያ አጥኚ ድርጅት ለወጣቶች ከሚዘጋጁ መጻሕፍት ገዢዎች 55 በመቶው 18 ዓመት የሞላቸው እንደሆኑ አስታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሩት ግርሃም በስሌት መጽሔት አዋቂዎች በዚህ ሊያፍሩ ይገባል ብላ ጻፈች። ክርክሯን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም፤ አንባቢውን እያባበሉ ጥያቄ ሳያስነሡ የሚያሰናብቱ የወጣት ልብ ወለዶች ሞልተዋል። ችግሩ ይህ በአዋቂዎች መደርደሪያ ላይም መሙላቱ ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ከጣዕም ክርክር ያለፈ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ ከትምህርት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያገኙት በ19 ዓመታቸው እንደነበረ ተናግረዋል። የልጆች መጻሕፍትን ሀብት የተዋወቁት በስደት፣ ጎልማሳ ሆነው ነው። በመደርደሪያዎቹ መካከል የአማርኛ መጽሐፍ ማጣታቸው የቂሉ ማሞን ተረት በ2002 በሁለት ቋንቋ ወደ ማሳተም፣ በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ወደ መክፈት መራቸው።

በእኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ቂሉ ማሞን የሚከተለው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በሁለቱ መካከል የ13 ዓመት ልጄ የምትቆምበት ደረጃ የለም። የአማርኛ የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ሦስት ዓመት በተከታታይ በጀቱን በፊደል ገበታና በሥዕል መጽሐፍ ላይ ሲያውል፣ እኔም አባል ሆኜ እጄን አውጥቻለሁ። ልጆቹ ሲጎረምሱ የሚሸሹት ከቋንቋው እንደሆነ አድርገን ስንመዘግብ ኖረናል። በመጪው ስብሰባ ላይ የማቀርበው ሐሳብ የገበታውን ገንዘብ ግማሽ ለአንድ የወጣት ልብ ወለድ የትርጉም ክፍያ ማዋል ነው፤ ረቂቁንም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር እያነበቡ እንዲያርሙት።