ስለ ካይሮው የኢብን ጡሉን መስጊድ



አንድን ሕንፃ ረዥም ዕድሜ የሚሰጠው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው እብነ በረድና ወርቅ ነው ብሎ ይመልስ ይሆናል። በካይሮ ከተማ የሚገኘው የኢብን ጡሉን መስጊድ ግን ከሸክላ ጡብ ተሠርቶ ከሺህ መቶ ዓመት በላይ ቆሟል።

አሕመድ ኢብን ጡሉን በዓባሳውያን ከሊፋዎች ስም ግብጽን ሊያስተዳድር የመጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ868 ዓ.ም. ነበር። ኋላም ራሱን የቻለ ገዥ ሆኖ አል ቀጣኢዕ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፤ መስጊዱንም በ876 አስጀምሮ በ879 አስፈጸመ።

የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ ለሥራው 300 ዓምዶች አስፈለጉ፤ ይህን ያህል ዓምድ ደግሞ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከፍርስራሽ ካልተነቀለ በቀር አይገኝም ነበር። ኢብን ጡሉን ይህን አልወደደም። በእስር ላይ የነበረ አንድ ክርስቲያን መሐንዲስ ነገሩን ሰምቶ፥ የመካን አቅጣጫ በሚያመለክተው በምሕራቡ አጠገብ ከሚቆሙት ሁለት ዓምዶች በቀር ሌላ ሳያስፈልገው ሊሠራ እንደሚችል ላከበት። ንድፉንም በቆዳ ላይ ሥሎ ስላሳየው፥ ተፈትቶ ሥራው ተሰጠው ይባላል። በርግጥ በጡብ ምሰሶ መሥራት ገዥው ባደገባት በኢራቋ ሳማራ የታወቀ ጥበብ ነበር፤ ቢሆንም ትረካው የሰውን ንብረት ሳይነኩ መሥራት እንደ ክብር ይቈጠር እንደ ነበር ያስረዳል።

የመስጊዱ ግቢ በየጎኑ 92 ሜትር ያህል ነው። በዙሪያው የሚቆሙት ወፋፍራም ምሰሶዎች በየማዕዘናቸው ከጡብ የወጡ ቀጫጭን ዓምዶች አሏቸው። በላያቸው ያሉት ቅስቶች ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ነው፤ ይህን የመሰለው ቅስት የአውሮፓ ካቴድራሎች መለያ የሆነው ከዚያ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የቅስቶቹ ዙሪያ በጀሶ ላይ በተቀረጸ ሐረግና ቅጠል አጊጧል። በ128 መስኮቶች ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የጀሶ ጥልፍልፍ ተሠርቷል፤ ከጣሪያው ሥርም የቁርኣን ቃል በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጸበት የእንጨት መቀነት ይዞራል። በሦስት ወገን ያለው የውጭ ግቢ የገበያው ጫጫታ ጸሎቱን እንዳያውክ ይከላከላል። የሚናራው ደረጃ ደግሞ በውጭ በኩል እየተጠመዘዘ ይወጣል።

በ905 የዓባሳውያን ጦር አል ቀጣኢዕን ከነቤተ መንግሥቷ ሲያጠፋት፥ መስጊዱን ግን አልነካውም። በ1293 ሡልጣን አል አሽረፍ ኸሊል በተገደለ ጊዜ፥ ከሤራው ተካፋዮች አንዱ የነበረው ላጂን፥ ያን ጊዜ ወና በነበረው በዚሁ መስጊድ ተሸሸገ፤ ከዳነም ሊያድሰው ተሳለ ይባላል። በ1296 ሡልጣን ሆኖ አደሰው፤ በግቢው መካከልም ባለ ጉልላት መታጠቢያ ሠራ።

አድማጮቻችን፤ ኢብን ጡሉን ለራሱ ያሠራው ቤተ መንግሥት ዛሬ የለም፤ ለሕዝብ ጸሎት ያሠራው ግን አለ። የአንድ ባለ ሥልጣን ሥራ ከዘመኑ አልፎ የሚኖረው ለብዙዎች ጥቅም ሲውልና የሚጠብቀው ትውልድ ሲያገኝ ነው።